ከዲትሮይት የመጣው የወንድም ልጅ

ፓርቴና ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው። ፕሮድሮሞስ በካናቴራ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ በለስ እየላጠ ነበር፤ ቢላዋው ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ኩሽናና በአንድ መታጠቢያ ቤት ሲኖሩ ተሳስመው አያውቁም። በፋሲካ ሌሊት እንኳ «ክርስቶስ ተነሣ» የሚባባሉት እሷ ከምድጃው ፊት፣ እሱ ከበሩ ደፍ ላይ እንደቆሙ ነው። እሷ ሰባን አልፋለች፣ እሱም እየተጠጋው ነው፤ መኮራረፉንም መታረቁንም ድሮ ጨርሰውት፣ ወሬያቸው «ጋዝ አለቀ» እና «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ከሚለው አያልፍም። ዛሬ በእሁድ ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች፣ ጥቁር ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር፣ ቀጥ ብላ መጥታ ሳመችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ስንት ዓመት ሙሉ ልቤ ክፉ ሲያስብብህ ኖረ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። «ዝም ያልከኝ ድንገት ልታስደስተኝ ብለህ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ። በል ተነስና ልጁን ለምሳ ይዘኸው ና። ባለሥጋ ቤቱን ከአልጋው አስነስቼ የበግ ጭን ገዝቻለሁ። እጥፍ አስከፈለኝ፤ ይሁንለት፣ አልተከራከርኩትም።»

ይህን ብላ ኩሽና ገባችና ማንጎራጎር ጀመረች። ፕሮድሮሞስን ያስደነገጠው መሳሟ ሳይሆን ይኼኛው ነው። ፓርቴና በዋጋ ሳትከራከር ሥጋ ገዝታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የምታንጎራጉር ከሆነ ነገሩ ሥር ሰዷል።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። የሰፈሩ የቅርጫት ኳስ ክለብ ሮዲያ ባለፈው ዓመት ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ለማለፍ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በጋውን ሙሉ በስታማቲስ ቡና ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሳራንዲስ የመታጠቢያ ቤት ሸክላና ገንዳ ነጋዴ ነው፤ ተሰሎንቄ ውስጥ እሱ ያልሸጠው ገንዳ ላይ የሚታጠብ ሰው ጥቂት ነው። በነሐሴ መጨረሻ ላይ «ከአሜሪካ፣ ከዲትሮይት፣ ሌስተር የሚባል ኳስ አከፋፋይ ተጫዋች አስፈርሜያለሁ» ብሎ ብቅ አለ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አኮረፈ። ካኮረፉት ዋናው ፕሮድሮሞስ ነበር። «ሮዲያ የሰፈር ልጆች ቡድን ነው፤ አባቶቻችን ተሰደው መጥተው፣ ገና ጣሪያ ሳይኖራቸው፣ እንጨት ተክለው ቅርጫት የሰቀሉት ለልጆቻቸው ነው። ባዕድ ገዝተን ብናሸንፍ ያሸነፈው ብሩ እንጂ እኛ አይደለንም» ይል ነበር፤ ይህን ሲል እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ባለ ሱቁ ያኮቮስ ደግሞ ከጎኑ ሆኖ «መርህ ነው! መርህ!» እያለ ጠረጴዛ ይመታለታል። ያኮቮስ መርህ የሚለው ልጁን ቫሲሊስን ነው፤ ቫሲሊስ የሮዲያ ኳስ አከፋፋይ ነውና።

ችግሩ ደንቡ ነበር። አንድ ቡድን ማሰለፍ የሚችለው ባዕድ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ ዝላትኮ የሚባል ረጅም የዩጎዝላቪያ ሰው ይዞታል። ሁለተኛ የሚገባው የግሪክ ደም ካለው ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሳራንዲስ ቡና ቤት ገብቶ፣ አንድ ቡሎን እንደጎደለው ሰው፣ «ሁሉ ነገር ሞልቷል፤ የጎደለን አንድ ግሪክ አባት ብቻ ነው» አለ። ሌሎች ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው አባትና አያት ሲያገኙላቸው እኛ ብቻ ምን ሆነን ነው የምናጣው ተባለ። በዚህ መሐል ከወደ ጥግ አንዱ «የጋሽ ፕሮድሮሞስ ወንድም ዲትሮይት አይደል እንዴ የገባው?» ብሎ ጠየቀ። የሁሉም አንገት ዞረ።

አነስቲስ የሁለቱም ታናሽ ወንድም ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ በመርከብ ሄዶ፣ ከዲትሮይት ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም። ፕሮድሮሞስ ያን ጊዜ «ኧረ እባካችሁ» ብሎ ማለፍ ነበረበት። ግን በዕድሜው ሙሉ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ እሱን ብቻ በጉጉት አይቶት አያውቅም፤ ፕሬዚዳንቱም በራሱ እጅ መጠጥ ቀድቶ አስጠግቶለታል። «ሊሆን ይችላል» አለ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግሥቱ «ሊሆን ይችላል» የሚለው «ነው» ሆነ፤ በቅዳሜ ደግሞ ልጁ አጎቱን በአካሄዱ ይመስላል ተባለ። ነገ ሰኞ ጠዋት ፕሮድሮሞስ ፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ፣ ወንጌል ላይ እጁን ጭኖ፣ «ይህ የወንድሜ የአነስቲስ ልጅ ነው» ብሎ ሊምል ነው። ራሱን ያጽናና የነበረው ፓርቴና ኳስ አትከታተልም፣ አትሰማም እያለ ነው። የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ረስቷት ነበር። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይዛ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለቻት እሷ ናት።

ሸሚዙን አጥልቆ በቀጥታ ወደ ስታማቲስ ቡና ቤት ወረደ። ሰዎቹ እንደ ሁልጊዜው እሁድ ካርታ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱም ካርታውን አያይም፤ የሚጨቃጨቁት ልጁ በወር ስለሚከፈለው ነው። ያኮቮስ «እኔ ዓመቱን ሙሉ ሲጋራና ማስቲካ ሸጬ የማላገኘውን!» ይላል፤ ስታማቲስ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «አንተም ዝለልና ቅርጫቱን ንካ፣ እንከፍልሃለን» ይለዋል። ፕሮድሮሞስ ወንበር ሳይስብ እንደቆመ «ነገሩ ይቅር። እህቴ ሰምታለች» አለ።

«ሰማች? እሰየው» አለ ሳራንዲስ። «ነገ አብራህ መጥታ ትመስክር።»

«አምናለች እኮ ነው የምልህ። የበግ ጭን ገዝታለች።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ችግር የሚሆነው ባታምን ነበር።»

«ጋሽ ፕሮድሮሞስ፣ እኔን ስማኝ» አለ ያኮቮስ፣ ድምፁን እንደ ቄስ አለስልሶ። «ሂድና እውነቱን ንገራት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ባዕዱም በመጣበት አውሮፕላን በሰላም አገሩ ይግባ።»

«አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው እውነት የወደድከው?» አለው ስታማቲስ። «ልጅህ ባለፈው ጨዋታ ለነዚያኞቹ ነበር ሲያቀብል የዋለው፤ የት እንደተሰለፈ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ሳቁ እስኪበርድ ያኮቮስ ጠበቀ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ለመሆኑ ልጁን አይታችሁታል? ጥቁር እኮ ነው» አለ። ነገሩን ሁሉም አይቶታል፣ ሁሉም ሌላው እስኪያነሳው ሲጠብቅ ነበር። ሳራንዲስ ግን ገንዳ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ መልስ አያጣም። «እናቱን መስሎ ነዋ። አንተ አባትህን ትመስላለህ? አትመስልም፤ እግዜር ይመስገን በል፣ አባትህ ባለ ትልቅ አፍንጫ ነበሩ።» እንደገና ሳቅ። ፕሮድሮሞስ ያን ሁሉ ጫጫታ እያየ አንድ ነገር ገባው፤ ግማሹ እውነቱ እንዲወጣ የሚፈልገው ለገዛ ልጁ ቦታ ነው፣ ግማሹ ውሸቱ እንዲቆይ የሚፈልገው ለዋንጫ ነው፣ ስለ ፓርቴና የሚያስብ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ የለም። ሐሙስ ዕለት እሱም አላሰበላትም። ይህ የመጨረሻው እየቆረቆረው ወጣ።

ሌስተርን ያገኘው ክለቡ ከተከራየለት ሆቴል በር ላይ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በሩ ሥር ሲቆም በሩ አጭር ይመስላል። ፕሮድሮሞስ በወጣትነቱ የመርከብ ወጥ ቤት ሆኖ ስምንት ዓመት ባሕር ላይ ስለኖረ በሰፈሩ እንግሊዝኛ አዋቂ ነው የሚባለው። በመንገድ ላይ ሁሉንም ሊነግረው አስቦ ነበር። ዳሩ ግን ያ እንግሊዝኛ ሽንኩርት ለማዘዝ፣ ለመሳደብና ማዕበል መጣ ለማለት እንጂ እንዲህ ያለ ውሸት ለማብራራት የተሠራ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ ተናገረ። ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ ከየደጁ አሮጊቶች እየወጡ ልጁን ጎንበስ እያስደረጉ ይስሙታል፤ አንዷ ጉንጩ ስላልደረሳት ክርኑን ሳመችው።

«ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ለምንድነው የሚስመኝ?» አለ ሌስተር።

«ኳስ ይወዳሉ» አለው ፕሮድሮሞስ። የክለቡ ሰዎች ለልጁ የነገሩት አንድ የቡድኑ ሽማግሌ ምሳ ሊጋብዝህ ነው፣ የቀረበልህን ብላ፣ አመስግን ብለው ነው። ስለ አባትነቱ ጉዳይ «ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን» ብቻ ነው የተባለው።

ፓርቴና ለፋሲካ ብቻ የሚወጣውን የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋለች። ልጁ በበሩ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጆሮውን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ይሄ የአባታችን ጆሮ ነው» አለች። «ሌላው ሁሉ የእናቱ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቃት፣ ቆንጆ እናት ናት ያለችው።» ሌስተር የጆሮ ነገር የአገሩ ሰላምታ መስሎት እሱም ጎንበስ ብሎ የእሷን ጆሮ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገ። ፓርቴና በጣም ደስ አላት።

«አባትህ እንዴት ነው በለው» አለች፣ ልጁ ገና ሳይቀመጥ።

ፕሮድሮሞስን ላብ አጠመቀው። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለለት፤ ጥያቄው ጥያቄ ነው፣ ልጁም አባት አለው። እንዳለ ተረጎመለት።

«ደህና ነው፣ ወገቡን ብቻ ያመዋል» አለ ሌስተር። «አውቶቡስ ጠጋኝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከሥሩ ተኝቶ ነው የሚውለው።»

«ደህና ነው። ወገቡን ያመዋል። አውቶቡስ ይጠግናል» አለ ፕሮድሮሞስ። በዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም፤ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው።

«ወገቡን?» አለች ፓርቴና፣ እጆቿን አጋጥማ። «አባታችንም እኮ ወገባቸውን ነበር የሚያማቸው። ኧረ የደም ነገር። ይጠጣል ወይ በለው?»

ድሮ ይጠጣ ነበር፣ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ ወዲህ ትቷል፤ አሁን መዘምራን ውስጥ ነው፣ በወፍራሙ ድምፅ በኩል። ይህም እንዳለ ተተረጎመ። ፓርቴና ጭልፋውን ይዛ ቆመች። «አነስቲስ? ይዘምራል? ቄሱ እንደ ፍየል ትጮሃለህ ብለው ያባረሩት አነስቲስ?» ፕሮድሮሞስ ሳህኑን እያየ «አገር ሰውን ይለውጣል» አለ። እሷም ነገሩን አገላብጣ አየችና ተቀበለችው፤ ለልጁም ሁለተኛ ቁራጭ ጨመረችለት። ልጁ በላ። ድንቹን በላ፣ ሰላጣውን በላ፣ ዳቦውን ከወጡ እያጠቀሰ በላ፤ እንዲህ አድርጎ የሚበላላት ሰው ካገኘች ብዙ ዘመኗ ነው። ፕሮድሮሞስ እህቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ዓመት ስትጥል በዓይኑ አየ፤ በጠየቀች ቁጥር እሱ ደግሞ ያንን አሥር ዓመት ይደርበዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ግን በየጉርሻው እየከበደ ሄደ።

«እህቶች አሉህ?» ሦስት አሉት። «ስማቸው ማነው?» ሌስተር የሦስቱንም ስም ጠራ። ፓርቴና ጠበቀች። በእነሱ ዘንድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወርሳለች፤ ይህ የማይቀር ነው፣ ድሃውም ሀብታሙም ያደርገዋል፤ ካላደረገ ተቀይሟል ማለት ነው። ከሦስቱ ስሞች አንዱም የእናታቸው አልነበረም። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ከሦስት ሴት አንዷን እንኳ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ማስተካከል ጀመረች፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። «እስቲ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ስለ እኔ አንስቶ ያውቃል ወይ በለው። የሸኘሁት እኔ ነኝ። አንተ ያኔ ባሕር ላይ ነበርክ። ሻንጣውን እስከ ወደቡ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እህት አለችኝ ብሎ ያውቃል?»

ፕሮድሮሞስ እስካሁን የተረጎመው ሁሉ እውነት ነበር፤ ይኼም ቢሆን መተርጎም ብቻ ነው። ግን አልወጣለትም። ሌስተር አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየና «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። «አባትህ ስለ እሷ ተናግሮ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች» አለው በመጨረሻ።

«አባቴ? ከየት አውቋት?»

ያን ጊዜ በመርከብ እንግሊዝኛው፣ በተሰባበረ ቃል፣ ፕሮድሮሞስ ሁሉንም ነገረው። ወንድም። ዲትሮይት። ጠፋ። ቡድኑ። ነገ መሐላ። ሌስተር እየሰማ ማኘኩን አቆመ። ዕድሜ ልኩን ኳስ ሲያከፋፍል የኖረ ልጅ ነውና ነገሩ የት እንደደረሰ ቶሎ ነው የገባው። «ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምንም እንኳ እሷ ባትሰማው፣ «ንገራት። አሁኑኑ ንገራት። እኔ በዚህ ዓይነት አልጫወትም።»

«ፓርቴና» አለ ፕሮድሮሞስ። «ልጁ የአነስቲስ አይደለም። ስለ አነስቲስ እኔም ምንም አላውቅም። ሐሙስ ዕለት አንድ ቃል አመለጠኝ፣ ለቡድኑ ብዬ፣ ሰው ዓይን ዓይኔን ስላየኝ። ከዚያ መመለስ አፈርኩ።»

ቧንቧው ያንጠባጥባል። ሌስተር ትልልቅ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ተማሪ ተቀምጧል።

«ዛሬ ከሕያዋን ጋር አስጠራሁት» አለች።

ፕሮድሮሞስ ወዲያው ገባው። በየእሁዱ ምዕመናኑ የሕያዋንና የሙታን ዘመዶቻቸውን ስም ለቄሱ ይሰጣሉ፤ ለሕያዋኑ ጤና፣ ለሙታኑ ዕረፍት ይለመንላቸዋል። ፓርቴና አነስቲስን በየትኛው በኩል እንደምታስቀምጠው ስላላወቀች ያን ሁሉ ዓመት በአንዱም አላስጠራችውም፤ ሞተ ብላ እንዳትገድለው፣ አለ ብላ እንዳትዋሽ ፈርታ። ይህንን ፕሮድሮሞስ ያውቅ ነበር። አውቆት ኖሮ፣ ረስቶት ነበር። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ እንባው መጥቶ አፍንጫው ጫፍ ላይ ሲቆም እንኳ ሊጠርገው አልደፈረም።

ፓርቴና ተነሳች። የልጁን ሳህን ወስዳ እንደገና ሞልታ አመጣችለት። ከዚያ የወንድሟን ሳህን፣ ግማሹ ሥጋ እንዳለበት፣ ከፊቱ አነሳችው።

«አልጨረስኩም» አለ ፕሮድሮሞስ፣ ሳያስበው።

«ጨርሰሃል።»

ሌስተር ግን የተሞላውን አልነካም። ተነሳ፣ የፓርቴናንና የፕሮድሮሞስን ሳህኖች ይዞ ወደ መታጠቢያው ሄደ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ለሁለት ታጥፎ ማጠብ ጀመረ። ፓርቴና መሐል ወለል ላይ ቆማ አየችው። አንድ ወንድ፣ በኩሽናዋ፣ ሳሙና ይዞ። «እኔ ደደብ» አለች፣ በመዳፏ ዓይኗን እየጠረገች። «ሳህን ሲያነሳ ባየው ኖሮ ወዲያው እነቃ ነበር። ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ወንድ ተወልዶ አያውቅም።» ሳቋና ለቅሶዋ አብሮ መጣ። «በቃ በለው፣ ይተወው። ጫማዬን አቀብለኝ።»

«ወዴት ነው?»

«አንተ ወደምትሳለምበት።»

ቁልቁል ሲወርዱ ያው አሮጊቶች እንደገና ከየደጁ ወጡ። ፓርቴና በየደጁ እየቆመች «የእኛ አይደለም፣ እንግዳችን ነው» እያለች አለፈች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ግን እጇን አፏ ላይ ጭና «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ስትል፣ ፓርቴና «ጠብቷል፣ ግቢ» አለቻት።

ስታማቲስ ቡና ቤት ሴት አትገባም። የተከለከለ አይደለም፤ ብቻ ገብታ አታውቅም። ፓርቴና ደፉን ስትረግጥ ጫጫታው እንደ ራዲዮ ተዘጋ። አንድ ሁለት ሰው ከወንበሩ ተነሳ፣ ካርታው ከጠረጴዛ ሥር ገባ፣ ያኮቮስ ሲጋራውን ከኋላው ደበቀ፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው። ከኋላዋ ሌስተር በሩን ሞላው፤ ፕሮድሮሞስ ከሌስተር ኋላ ነው ያለው፣ አይታይም።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች። «አልቆይም። ልጁ የወንድሜ ልጅ አይደለም። ነገ ማንም የትም ሄዶ አይምልም። የወንድሜ ነገር የኔ ነው፤ የሞተም እንደሆነ ሞቶብኛል፣ ያለም እንደሆነ አለልኝ፣ ለኳስ አላበድረውም።»

«እትዬ ፓርቴና» አለ ሳራንዲስ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ «ይኼ እኮ የሰፈሩ ክብር ነው። አንደኛ ዲቪዚዮን—»

«ሳራንዲስ፣ አንተ ለእናቴ የሸጥከው ገንዳ እስከ ዛሬ ያፈሳል። ስለ ክብር ሌላ ሰው ያውራኝ።»

ከወደ ኋላ ሳቅ ፈነዳና ወዲያው ታፈነ። ያኮቮስ ፊቱ በራ። «መርህ ማለት ይሄ ነው» አለ። «በቃ፣ ባዕዱ ይሄዳል፣ ሮዲያም በሰፈር ልጅ...»

«አይሄድም» አለ ፕሮድሮሞስ። ከሌስተር ኋላ ወጥቶ መጣ። «ባዕድ ነው፣ እንደ ባዕድ ይጫወት። ዝላትኮ ጉልበቴ አለቀ፣ አሰናብቱኝ እያለ ከፀደይ ጀምሮ ይለምናል። አሰናብቱት፣ ቦታው ለዚህ ይሁን።»

«አንተ ነህ ይሄን የምትለው?» አለ ያኮቮስ። «በጋውን ሙሉ ደረትህን ይዘህ ስትፎክር የከረምከው?»

«እኔ ነኝ። ይኼን ሁሉ ሰው ዞሬ ሳማክር፣ እህትህን እውነቱን ንገራት ያለኝ፣ ለራሱ የሚተርፈው ነገር ሳይኖር፣ ይህ ልጅ ብቻ ነው። እንዲያውም ሥራውን እንደሚያሳጣው እያወቀ ነው ያለኝ። ካስፈለገ በዚህ ላይ እምላለሁ።»

ክርክሩ እንደ አዲስ ፈላ። ዝላትኮ ይሂድ የሚል፣ ዝላትኮ ከሄደ ከቅርጫቱ ሥር ማን ይቆማል የሚል፣ ቫሲሊስ ቁመቱን ይጨምር የሚል፤ ሁሉም በአንዴ ያወራል። ሌስተር ስሙ በየመሐሉ ሲጠራ እየሰማ ለሁሉም በትህትና ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ሰው ለፓርቴና ወንበር ሳበላት። አልቆይም ብላ ነበር፣ ግን ቁልቁለቱ አድክሟት ኖሮ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወንድሟ ዕድሜውን የጨረሰበትን ክፍል ግድግዳውን፣ የቡድኑን ፎቶዎች፣ በጭስ የጠቆረውን ጣሪያ አንድ በአንድ አየችው።

ስታማቲስ መሐረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ስለሚፈላ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ልክ በቃሉ ያውቃል። ለሴት ግን አፍልቶ አያውቅም። እንደ ወጉም እሷን ሳይሆን አብሯት የመጣውን ወንድ ጠየቀ። «ጋሽ ፕሮድሮሞስ፣ ለእትዬ ፓርቴና ቡናዋን እንዴት ላድርገው? መራራ፣ መካከለኛ፣ ጣፋጭ?»

ፕሮድሮሞስ በየጠዋቱ ከአልጋው ተነስቶ ቡናውን እዚህ መጥቶ ነው የሚጠጣው፤ እሷ ብቻዋን ኩሽና ውስጥ ትጠጣለች፣ ሲመለስ ታጥቦ የተደፋ ሲኒ ያያል። ስንት ዓመት ያን ሲኒ አይቷል። መራራ መሰለው፤ ጥቁር ቀሚሷን አየና መራራ ሊል ዳዳው። እህቱን ዞር ብሎ ተመለከታት። አልረዳችውም፤ እሷም ምን እንደሚል ልትሰማ ትጠብቃለች።

«አላውቅም» አለ ፕሮድሮሞስ።

«እንግዲህ ስሙ» አለ ያኮቮስ፣ ከቤቱ ሁሉ እሱ ብቻ ዝም ማለት አቅቶት። «ነገ ስለ ዲትሮይት ሰው ሊምል የነበረ ሰው፣ የእህቱን ቡና አያውቅም።»

የሳቀ አልነበረም። ፓርቴና ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጣፋጭ» አለች ለስታማቲስ። «በደንብ ጣፋጭ። ለልጁም እንደዚያው አድርግለት።»